ያልሆነው ታሪክ የሆነውን ሲያስረሳ

በጋይንት የሚገኘው የቤተ ልሔም ጉባኤ ከጥንት ጀምሮ የድጓ ማስመስከሪያ ሆኖ የኖረ መሆኑ የታወቀ ነው። ከየአገሩ ድጓን ተምሮ የመጣ ደቀ መዝሙር በዚያ ጉባኤ ፊት ቀርቦ የተማረውን ያሰማል፤ መምህሩም የተሳሳተውን ምልክትና የተዘለለውን ቃል አንድ በአንድ ያርምለታል። በዚያ ሥርዓት መታረም እንደ ውርደት፣ ማረምም እንደ ጠብ አይቈጠርም፤ የሚታረመው ነገር ክብር ስላለው ብቻ ይታረማል እንጂ። ይህም ጽሑፍ ከዚያው አገር፣ ከንፋስ መውጫ፣ በዚያው መንፈስ የተዘጋጀ ነው። የሚታረመው ግን ዜማ ሳይሆን ከሩቅ አገር የመጣና በዓለም ላይ ብዙ ተመልካች ያገኘ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ነው።

ድራማው በእንግሊዝኛ ስሙ «ዘ ማን ኢን ዘ ሃይ ካስል» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በከፍተኛው ግንብ ያለው ሰው» እንደ ማለት ነው። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ2015 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ በአራት ተከታታይ ዙር፣ በጠቅላላው በ40 ክፍል አቅርቦታል። መነሻው አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ኬ. ዲክ በ1962 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ በተከታዩም ዓመት የሁጎን ሽልማት ያገኘው ልብ ወለድ ነው። ከዚህ በታች የውጭ አገርን ነገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ የአገራችንን ነገር ግን በዓመተ ምሕረት እናመለክታለን።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጀርመንና ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድል አድርገው አሜሪካን ተካፍለዋታል። የምሥራቁ ክፍል የናዚ ግዛት፣ የምዕራቡ ጠረፍ የጃፓን ግዛት ሲሆን፣ በመካከል ያለው የሮኪ ተራሮች አገር «ገለልተኛ ክልል» ተብሎ ቀርቷል። ዘመኑ 1962 ነው። በዚህ ዓለም ውስጥ ጁልያና ክሬን የተባለች ወጣት ሌላ ዓይነት ታሪክ የሚያሳዩ የፊልም ጥቅልሎች ታገኛለች፤ በነዚያም ፊልሞች ውስጥ ድል አድራጊዎቹ አሜሪካና ተባባሪዎቿ ናቸው። ጆን ስሚዝ የተባለው የቀድሞ የአሜሪካ ጦር መኰንን ደግሞ ለድል አድራጊው አድሮ በናዚ ሹመት ከፍ ከፍ ሲል እናያለን።

እንዲህ ላለው ድርሰት ታሪክ ጸሐፊ ምን አግብቶት ይፈርዳል የሚል ሰው አይጠፋም። «ነገሩ ከመጀመሪያውም ያልሆነ ነው፤ ያልሆነውን ነገር ስሕተት ነው ማለት እንዴት ይቻላል?» ይባላል። መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። «ይህ ነገር እንዲህ ባይሆን ኖሮስ?» ብሎ የሚነሣ ደራሲ አንድ ነገር ለመለወጥ መብት አለው፤ ይህን መብት ማንም አይነሣውም። ነገር ግን ከዚያ ከአንዱ ለውጥ በቀር የቀረው ሁሉ ዕዳው ነው። ያልለወጠው ነገር እንደ ነበረ መገኘት አለበት፤ የተለወጠውም ከዚያ ከአንዱ ለውጥ የተወለደ መሆኑ መታየት አለበት። ስለዚህ ያልሆነ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሆነውን ታሪክ ከሚጽፈው ሰው ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ዕውቀት ያስፈልገዋል። ድራማውን የምንመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

የመጀመሪያው ግድፈት ከሥሩ ላይ ነው። ልብ ወለዱ ታሪኩን የሚለውጠው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሰው እጅ ሞቱ በማለት ነው፤ ድራማውም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። መነሻው እውነተኛ ነገር ነው። ጁሴፔ ዛንጋራ የተባለ ሰው የካቲት 15 ቀን 1933 እ.ኤ.አ. በማያሚ ከተማ ሩዝቬልትን ለመግደል ተኵሶ ስቷል፤ በጥይቱም የቺካጎው ከንቲባ አንቶን ሰርማክ ቈስለው ኋላ ሞተዋል። ጥይቱ ዒላማውን ቢያገኝ ኖሮ፣ በዚያው ዓመት በጥር ወር በጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት ሥልጣኑ ለምክትላቸው ለጆን ጋርነር ይተላለፍ ነበር። እስከዚህ ድረስ ደራሲው ትክክል ነው። ከዚህ በኋላ ግን አሜሪካ ከዓለም ነገር ተለይታ መቅረቷንና ሳትታጠቅ መያዟን በአንድ ሰው አለመኖር ብቻ ያስረዳል።

ይህ አስተያየት እንደማይጸና እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። አሜሪካ በዓለም ነገር አልገባም ያለችው ሩዝቬልት በሕይወት ሳሉ፣ በሥልጣን ላይም ሳሉ ነውና። የገለልተኝነት ሕግ የተባለው የወጣው ነሐሴ 31 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ነው። ሕጉ ኢጣልያ አገራችንን እንደ ወረረች ወዲያው በሥራ ላይ ሲውል፣ ለወራሪውም ለተወራሪውም የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ መሣሪያ ፋብሪካ ያለው ወራሪ ከዚህ የጐደለበት ነገር የለም፤ ፋብሪካ የሌለው ተወራሪ ግን ተጐዳ። ነዳጅ ዘይት በክልከላው ውስጥ ስላልገባ ለኢጣልያ መሸጡ ቀጠለ። ሕጉም በ1936 እና በ1937 ታደሰ። እንግዲህ የአሜሪካ መገለል የብዙ ሕዝብ አሳብና የምክር ቤት ውሳኔ ሆኖ ሳለ በአንድ ጥይት የመጣ አስመስሎ ማቅረብ የታሪክን ምክንያት ማሳነስ ነው።

ሁለተኛው ግድፈት የኃይልና የመሣሪያ ነገር ነው። በድራማው ውስጥ ጀርመኖች ዋሺንግተንን በአቶም ቦምብ አጥፍተው አሜሪካን ይይዛሉ። እውነተኛው የጀርመን ባሕር ኃይል ግን በ1940 እ.ኤ.አ. በጠባቡ ቦታ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነውን የእንግሊዝን ባሕር ለመሻገር አልተቻለውም፤ ሂትለርም የመሻገሩን ዕቅድ በዚያው ዓመት በመስከረም 17 ቀን ላልተወሰነ ጊዜ አስተላለፈው። ከዚያ በኋላ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የአትላንቲክ ውቅያኖስ በምን መርከብ ተሻገረ? ድራማው አይነግረንም።

ስለ ቦምቡም እንደዚሁ ነው። የጀርመን የጦር ባለሥልጣኖች በ1942 የአቶም መሣሪያ ለጦርነቱ እንደማይደርስ ገምተው ለሌላ ሥራ ቅድሚያ ሰጡ፤ ሊቃውንቱ በሃይገርሎኽ ዋሻ ውስጥ የሠሩት የመጨረሻው ማብለያ እስከ 1945 ድረስ ለሥራ አልበቃም። አሜሪካ ግን ለዚሁ ሥራ ከ100,000 በላይ ሠራተኛና ሁለት ቢሊዮን ዶላር ያህል አውጥታለች። ከዚህም የሚበልጥ ቁም ነገር አለ። ጀርመን ገና በሚያዝያ 1933 ባወጣችው የዘር ሕግ አይሁድ የሆኑትን መምህራን ከዩኒቨርሲቲ ስታባርር የፊዚክስ ሊቃውንቷን በገዛ እጇ ሰጠች። ኤንሪኮ ፌርሚም ባለቤቱ አይሁዳዊት ስለ ነበረች ኢጣልያ በ1938 የዘር ሕግ ባወጣች ጊዜ አገሩን ትቶ ሄደ፤ የመጀመሪያውን የአቶም ማብለያ በቺካጎ በታኅሣሥ 2 ቀን 1942 የሠራውም እርሱ ነው። እንግዲህ ድራማው ለናዚዎች የዘር ሕጉንም ቦምቡንም አንድ ላይ ሰጥቷቸዋል። እውነተኛው ታሪክ የሚያስተምረው ግን ሕጉ ቦምቡን እንዳስቀረባቸው ነው። ከዚህ የጠለቀ ትምህርት በእጁ ሳለ ደራሲው ሳያየው አልፏል።

ሦስተኛው ግድፈት ከሰዎች ዘንድ ነው። በድራማው ውስጥ የናዚ ሹም ራይንሃርት ሃይድሪኽ በ1962 በሕይወት ይታያል። እውነተኛው ሃይድሪኽ ግን ግንቦት 27 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. በፕራግ ከተማ የቼክና የስሎቫክ አርበኞች ባደረሱበት ጥቃት ቈስሎ በሳምንቱ ሞቷል። ለበቀልም ሊዲትሰ የተባለው መንደር ከነሕዝቡ ጠፍቷል። ይህን ሰው ከሞት ያዳነው ምንድን ነው? የማያሚው ጥይት የፕራግን አርበኞች እጅ የሚይዝበት መንገድ የለም። ደራሲዎቹ ጨካኝ ገጸ ባሕርይ ስላስፈለጋቸው አንድ ሹም አስነሡ፤ ይህን ሲያደርጉ ግን ሕይወታቸውን የሰጡ ሰዎች የሠሩትን ሥራ ሰረዙ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ የጣሉትን ቦምብ፣ ከዚያም በኋላ በሕዝቡ ላይ የደረሰውን ፍጅት የሚያስታውስ አንባቢ ይህ ስረዛ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይነገረው ያውቀዋል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ግድፈት የጦርነቱ መጀመሪያና የድሉ ቦታ ነው። የድራማው ዓለም ኒውዮርክ፣ ሳንፍራንሲስኮና በርሊን ነው፤ ካርታውም በሁለት ድል አድራጊዎች መካከል የተከፈለ ነው። ሦስተኛዋ የአክሲስ አባል ኢጣልያ ድርሻ የላትም ማለት ይቻላል። ልብ ወለዱ አፍሪካን በጥቂት መስመር ሲያነሣት ሕዝቧ በናዚዎች እጅ እንደ ጠፋ ብቻ ይናገራል፤ የጠፋው ሕዝብ ግን ምን እንደ ሠራ አይናገርም። አፍሪካዊው በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚሞት እንጂ የሚዋጋ አይደለም።

ነገሩ በእውነቱ እንዴት ነበር? ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን ተፈተነ፤ ፈተናውንም ወደቀ። ሂትለር በመጋቢት 1936 እ.ኤ.አ. ጦሩን ወደ ራይን ምድር ሲያስገባ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መንግሥታት በኢትዮጵያ ጉዳይ ከሙሶሊኒ ጋር ተጣልተው፣ እርስ በርሳቸውም ተለያይተው ነበር። በርሊን በዚያው ዓመት በጥቅምት የኢጣልያን የኢትዮጵያ ይዞታ አወቀች፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ሙሶሊኒ «የሮማና የበርሊን አክሲስ» የሚለውን ስም ለዓለም አሰማ። ስለዚህ በድራማው ውስጥ ዓለምን የያዘው ኅብረት የተወለደው በኛ ጦርነት ውስጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ የተናገሩት ቃልም ስለ አንድ አገር ብቻ ሳይሆን ስለዚሁ መጭ አደጋ ነበር። የታሪኩ መለወጫ መፈለግ ካለበት ከማያሚ ይልቅ አድዋ፣ ማይጨውና ጄኔቫ ይቀርቡ ነበር።

መጨረሻውም እንደ መጀመሪያው ተዘንግቷል። የድራማው መሠረት «አሜሪካ ባትኖር አክሲስ ያሸንፍ ነበር» የሚል ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የሆነው ግን ይህን አሳብ በግልጥ ይቃወመዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ጄኔራል ናዚ በጎንደር ዙሪያ ተመሽገው ቀሩ። ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋው የቍልቋል በር ምሽግ ከብርቱ ውጊያ በኋላ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ወደቀ፤ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን እጅ ሰጠች። በዚህ ዘመቻ ከእንግሊዝ ወታደሮች ጋር የተሰለፉት የአፍሪካ ልጆችና ያገሩ አርበኞች ነበሩ። ጃፓን ፐርል ሃርበርን የመታችው ደግሞ ኅዳር 28 ቀን ነው። ይኸውም በቤጌምድር የአክሲስ የመጨረሻ ምሽግ የወደቀው አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከመግባቷ ከዐሥር ቀን በፊት ነው ማለት ነው።

እንዲያውም የነገሩ አካሄድ ድራማው ከሚለው ተቃራኒ ነው። ምጽዋ በሚያዝያ 1941 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ከኢጣልያ እጅ ከወጣች በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕር የጦርነት ቀጠና አለመሆኑን ሚያዝያ 11 ቀን አወጁ፤ በዚህም የአሜሪካ መርከቦች በግብፅ ለነበረው የእንግሊዝ ጦር ዕቃ ማድረስ ቻሉ። ለአሜሪካ እርዳታ መንገድ የከፈተው በዚህ ምድር የተገኘው ድል ነው። «ባይሆን ኖሮስ?» ብሎ የሚጠይቅ ደራሲ የኢትዮጵያ አርበኞች ባይኖሩ ኖሮ፣ የኢጣልያ ጦር በየምሽጉ ባይታሰር ኖሮ፣ ቀይ ባሕር ተዘግቶ ቢቀር ኖሮ ብሎ ቢጠይቅ እንዴት ያለ ድርሰት በወጣው ነበር!

አምስተኛው ግድፈት ስለ መያዝ ምንነት ነው። ድራማው በመካከለኛው አሜሪካ ያሉትን ተራሮች ማንም የማይገዛቸው «ገለልተኛ ክልል» አድርጎ፣ ስደተኛውና አመፀኛው የሚጠለልበት ባዶ ቦታ አስመስሎ ያቀርባቸዋል። የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ምድር፣ የበሽሎንና የዓባይን ገደል የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ይገረማል። ተራራ በውል ገለልተኛ አይሆንም። በወረራው ዘመን በአገራችን የነበረው ሁኔታ እንዲህ ነበር፤ ጠላት ከተማውንና መንገዱን ይይዛል፤ ቀን በቀን ምሽጉን ያጠነክራል፤ ከመንገዱ ወጣ ባለው አገር ግን ትእዛዙ አይደርስም። ይህም የሆነው ሁለት መንግሥታት ስለ ተስማሙ አይደለም፤ ርስቱን የማይለቅ ገበሬ፣ ልጁን ለዱር የሚሰጥ ቤተ ዘመድ፣ ስንቅ የምታቀብል ሴት፣ የሚገዝት ካህን፣ በከተማም ተቀምጦ ወሬ የሚያደርስ የውስጥ አርበኛ ስለ ነበሩ ነው። ለሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፦ የተያዘ ሕዝብ በምን ማኅበራዊ ሥርዓት ተይዞ ይቈያል፣ በምንስ ይነሣል? በድራማው ውስጥ ግን ተቃዋሚዎቹ ዘመድ የላቸውም፤ ደብር የላቸውም፤ መሬት የላቸውም። ጥቂት ሰዎች ከሥውር ቤት ወደ ሥውር ቤት ፊልም ያሸጋግራሉ። እንዲህ ያለ ተቃውሞ ለትርኢት ይመች ይሆናል፤ አምስት ዓመት ግን አይዘልቅም።

ስለ ዘር ሕግም እንዲሁ ነው። ተመልካቹ በድራማው የሚያየውን የዘር ሥርዓት እንደ ክፉ ሕልም፣ ደራሲው በሐሳቡ እንደ ፈጠረው ነገር ይቈጥረዋል። ነገር ግን ሚያዝያ 19 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢጣልያ ሕግ ኢጣልያዊ ከቅኝ ግዛት ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይደነግግ ነበር። ይህ ሕግ ኢጣልያ በገዛ አገሯ በአይሁድ ላይ ካወጣችው ሕግ በአንድ ዓመት ይቀድማል። አሜሪካዊ ተመልካች «ቢሆን ኖሮ» የሚለውን ነገር፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ የኖረ ሰው «ሆኖ ነበር» ይለዋል።

ይህን ሁሉ ስንል በድራማው ውስጥ መልካም ነገር የለም ማለታችን አይደለም። የጆን ስሚዝ ነገር በእውነት የተጠና ነው። ይህ ሰው በመጀመሪያ ቤተሰቡን ለማዳን ለድል አድራጊው ያድራል፤ ቀጥሎ ሹመት ይጣፍጠዋል፤ በመጨረሻም ያገለገለው ሕግ ወደ ገዛ ቤቱ ይመጣና በማይድን በሽታ የተያዘውን ልጁን ይጠይቀዋል። ናዚዎች ሕሙማንንና አካለ ስንኩላንን የገደሉ መሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ በዚህ በኩል ድራማው ከእውነት አልራቀም። በአገራችን ባንዳ የሚለው ቃል ለስድብ ብቻ ስለሚውል፣ አንድ ሰው እንዴት አድርጎ ባንዳ እንደሚሆን ብዙ አልመረመርንም። ይህን ምርመራ ከጆን ስሚዝ ልንማር እንችላለን።

ደራሲው ዲክም ከድራማው ይልቅ ጥንቁቅ ነበር። በልብ ወለዱ ውስጥ የሚነበበው የተከለከለ መጽሐፍ አክሲስ የተሸነፈበትን ሌላ ዓለም ሲተርክ፣ ያ ዓለም ከኛ ዓለም ጋር አንድ አይደለም፤ በዚያ የጦርነቱ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሳይሆኑ ሬክስፎርድ ተግዌል ናቸው። በዚህም አንባቢው ታሪክ ሁለት መንገድ ብቻ እንደሌላት ይረዳል። ድራማው መጽሐፉን በፊልም ለውጦ፣ ፊልሙንም ከሌላ ዓለም የመጣ ተአምር አድርጎ ሲያቀርበው ግን ምክንያትና ውጤት ተፋቱ። ሰዎች ከዓለም ወደ ዓለም የሚሸጋገሩ ከሆነ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቅ ከንቱ ይሆናል። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከጠፋ ደግሞ የቀረው ታሪክ ሳይሆን የሰንደቅ ዓላማና የደንብ ልብስ ትርኢት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለኛ ምን ይጠቅማል? ከተማሪዎቻችን መካከል የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በእንዲህ ያለው ትርኢት በኩል የሚያውቁት ጥቂት አይደሉም። በሐሳብ የተፈጠረውን የኒውዮርክን መያዝ በዝርዝር የሚያውቅ ወጣት ቍልቋል በር የት እንደ ሆነ ላያውቅ ይችላል። ድራማውን በመከልከል ይህ አይድንም፤ የሚድነው ከርሱ የተሻለ እውነት በማቅረብ ነው። የወረራውን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከነርሱ የሰሙ ልጆቻቸውም አርጅተዋል። በየሰበካው፣ በየቀበሌው ማን ስንቅ አቀበለ፣ ማን መንገድ መራ፣ ማን ለጠላት አደረ፣ ከድሉ በኋላስ የታረቁት በምን ሥርዓት ታረቁ የሚለው ነገር ተጠይቆ መጻፍ አለበት። የአንዱም ቃል ብቻ አይበቃም፤ እንደ ቤተ ልሔም ሥርዓት የአንዱ ቃል በሌላው ፊት ተሰምቶ መታረም ይገባዋል።

ያልሆነውን ታሪክ ለመጻፍ መብት ያለው የሆነውን ያወቀ ሰው ነው። እኛ ደግሞ የሆነውን ሳንጽፍ የቀረን እንደ ሆነ፣ ሌሎች ያለ እኛ ዓለምን ቢያስቡ ልንወቅሳቸው አንችልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ነገር ግን እውነት በራሱ አይጠራም፤ ጠይቆ የሚጽፈውና ሲሳሳት የሚያርመው ሰው ይፈልጋል።